ሦስት ሽምግልና በአንድ ቻርጅ

በባትሪ ምክንያት ሚስት ያገባ ሰው በዚህች አገር ከእኔ ሌላ ካለ እጁን ያውጣና እንተዋወቅ። ሰው በመልኩ ያገባል፣ በሥራው ያገባል፣ በዘመዶቹ ብርታት ያገባል፤ አንዳንዱማ እንዴት እንዳገባ ራሱም አያውቅም። እኔ ግን እንዴት እንዳገባሁ በፐርሰንት ልነግራችሁ እችላለሁ። አንቆበር ስደርስ ሦስት ፐርሰንት ነበርኩ፤ እሺ ስባል አርባ አንድ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ በፊቴ «ቲቸር»፣ ከኋላዬ «ግራፊን» ይሉኛል። ስሙን ለራሴ ያወጣሁት እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። ሰው «እንደምን አደርክ» ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ ሳልጨርስ ስለ ግራፊን እጀምር ነበር።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ባጭሩ ስል ግን የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። እርሳስ ስትጽፉበት ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ግራፋይት ይባላል። ግራፋይት እንደ ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ገጽ በገጽ ላይ ተደራርቦ የተሠራ። ከዚያ መጽሐፍ አንዲት ገጽ ብቻ፣ ውፍረቷ የአንድ አቶም የሆነች ገጽ፣ ለብቻዋ ገንጥላችሁ ብታወጡ እሷ ግራፊን ናት። ከብረት ትጠነክራለች ይባላል። ኤሌክትሪክ እንደ ጉድ ታስተላልፋለች ይባላል። ባትሪ ውስጥ ስትገባ ደግሞ ጫማችሁን አስራችሁ ሳትጨርሱ ስልካችሁ ይሞላል፣ መኪናም ቢሆን ሾፌሩ ወርዶ እግሩን እስኪያፍታታ ድረስ ጢም ይላል ይባላል። «ይባላል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። እኔ ያኔ አልያዝኳትም።

የሚያስገርመው ደግሞ መጀመሪያ የተገኘችበት መንገድ ነው። ሊቃውንቱ ግራፋይት ላይ ስኮች ለጥፈው ላጡ፣ የላጡትን ደግሞ መልሰው ላጡ፣ እንዲህ እየላጡ እየላጡ አንዲቷ ገጽ ላይ ደረሱ። በዚህም ዓለም ያወቀው ሽልማት ተሸለሙ። ይህን ባነበብኩ ማግሥት የመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ መላጥ ጀመርኩ። እርሳስ አልያዝኩም ነበርና አጠገቤ የተቀመጠችውን አዲስ የሒሳብ መምህርት «እባክሽ እርሳስሽን አንዴ» አልኳት። ደወል ሲደወል እርሳሷ አልቋል፤ እጄና አፍንጫዬ ጠቁሯል፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ክምር ቆሻሻ ስኮች ተከምሯል። አየችኝ፣ አየችኝና «ታዲያ ግራፊኑ የታለ?» አለች።

«እዚህ ውስጥ አለ፤ በዓይን ስለማይታይ ነው» አልኳት።

«እርሳሴ ግን በዓይን ይታይ ነበር» አለችኝ።

ወይንሸት ማለት ይህች ናት። በዚያችው ደቂቃ ወደድኳት። እሷ እኔን ለመውደድ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀባት፤ እሷም ቀስ ብላ ነው መሰለኝ ቻርጅ የምታደርገው።

ወይንሸት የአንቆበር ልጅ ናት። አባቷ አቶ ማንደፍሮ ወፍጮ ቤት አላቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ በአካባቢው የታወቁት ግን በደግነታቸው ሳይሆን በቀጠሯቸው ነው። ታላቅ እኅቷን ሊለምኑ የሄዱት ሽማግሌዎች መጀመሪያ «ዘመድ ላማክር» ተባሉ፤ ቀጥሎ «አዝመራው ይግባ»፤ ቀጥሎ «ክረምቱ ይውጣ»። ክረምቱ ወጥቶ ሲመለሱ አዲስ አዝመራ ደርሶ ነበር። ልጁ ታከተው፤ ጫጫ ሄደና ሌላ አገባ። ወይንሸት ይህን ስትነግረኝ አልሳቀችም።

«አባቴ እንቢ አይልም፤ ቀጠሮ ነው የሚሰጠው። እኔ ደግሞ እንደ እኅቴ በቀጠሮ አልቀመጥም» አለች። «ሁዳዴ ሳይገባ ሽማግሌ ላክ። እሺም ይሁን እንቢ፣ ቁርጡን ይንገርህ። ለፋሲካ ከተቀጠርክ ግን የአዲስ አበባውን የዝውውር ፎርም ሞልቼ እሄዳለሁ።»

ሁዳዴ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። እንቅልፍ አጣሁ።

ሽማግሌዎቼን አሰባሰብኩ። አንደኛው ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ የምኖርበት ቤት አከራይ፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ክብደታቸው ግን ለጉልበታቸው ጨርሶ የማያዝን። ሁለተኛው መምሬ ክንፈ ናቸው፤ የንስሐ አባቴ፣ ለእያንዳንዱ ሥርዓት ሕግ የሚያውቁ፣ ለእያንዳንዱ ሕግ ደግሞ መውጫ የሚያውቁ። ሦስተኛው ጋሽ ሰይድ፣ የአልዩ አምባ ተወላጅ፣ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ቅመም የሚነግዱ፤ አቶ ማንደፍሮን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ናቸው። ከሦስቱ ጋር ተማክሬ ቅዳሜ ጠዋት የሚወስዳቸው ሚኒባስ ኮንትራት ያዝኩ።

ዓርብ ከሰዓት የሚኒባሱ ሾፌር «ክላቹ ተበላሸ» ብሎ ደወለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኔ ደስ አለኝ።

ደስ ያለኝ መኪና ስለነበረችኝ ነው። ከስድስት ወር በፊት ያገለገለች ሆና የተገዛች፣ አራት ሰው በግድ የምትይዝ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት የዳቦ ቅርጽ ያላት የኤሌክትሪክ መኪና። የገዛኋት ለቅርጿ አይደለም። ወንበሯን ሲያነሡት ባትሪዎቿ ላይ የመብረቅ ሥዕል ያለበት ወረቀት ተለጥፎ፣ በትልቁ «ግራፊን» ተብሎ ተጽፎ ስላየሁ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሻጩ «መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር ዓይኗን ሳታሽ ትሄዳለች» አለኝ። አንድ የማውቀው መካኒክ ከፍቶ አያትና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ያው የድሮው የአሲድ ባትሪ ነው፤ ትንሽ ጥቁር ነገር ነስንሰውበት ስሙን ነው ያሳመሩት» ሲለኝ፣ በሳይንስ የሚቀና ሰው መሰለኝና ዝም አልኩት። አንቆበር አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መቶ ሃያ ለአርባ ሲካፈል ሦስት፤ ሦስት ጊዜ ልደርስ እችላለሁ ማለት ነው። ሒሳቡን ለወይንሸት አላሳየኋትም፤ ሒሳብ አስተማሪ ናት።

አንድ ችግር ብቻ ነበረ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። መኪናዋን መንዳት የሚችል ደግሞ ከእኔ በቀር የለም። መምሬ ክንፈ ትንሽ አሰቡና «ሙሽራው አይሄድም። ሾፌሩ ግን ይሄዳል። ሾፌር አይናገርም፤ ሾፌር ከመኪናው አይርቅም» ብለው ፈረዱ። ኮፍያ ተዋስኩ፤ ጥቁር መነጽር አደረግሁ። በመስተዋት ራሴን ስመለከተው ሾፌር ሳይሆን ሰው የሚፈልገው ሌባ ነበር የምመስለው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ዘጠና ስምንት ፐርሰንት። የደብረ ብርሃን ብርድ ለሰው እንደማያዝን ታውቃላችሁ፤ ለባትሪም አያዝንም። ይህን ስለማውቅ ሌሊቱን ባትሪዎቹን በጋሽ ወንድይፍራው የመንዝ ባና፣ በወፍራሙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ጠቅልዬ አሳድሬአቸዋለሁ። ጋሽ ወንድይፍራው ከፊት ተቀመጡ፤ መኪናዋ ወደ እሳቸው አዘነበለች። ገና ከከተማው ሳንወጣ ዘጠና ሆነ። እሺ፣ ትንሽ ብርድ ነው አልኩ።

«ልጄ፣ ማሞቂያ የላትም ይቺ?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን እያፋተጉ።

እዚህ ላይ ነው ነገር የተበላሸው። ማሞቂያ ማለት የባትሪ ጅብ ነው፤ ይህን አውቃለሁ፤ አስተምራለሁ። ግን ለእኔ ብለው በብርድ የወጡ ትልቅ ሰው ማሞቂያ ሲጠይቁ «የለም» ማለት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ ግራፊን ነው እኮ! «አላት እንጂ!» ብዬ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ሽማግሌዎቹ ሞቃቸው፤ ቀበቷቸውን ፈቱ፤ ጨዋታ ጀመሩ። መምሬ ክንፈ ቤተ ክርስቲያን ባዩ ቁጥር ወርደው ይሳለማሉ፤ በሩ ይከፈታል፤ ሙቀቱ ይወጣል፤ እንደገና እንሞቃለን። እኔ በዚህ መሐል ስለ ግራፊን እየተረክሁላቸው ነበር። ሰባ። ስልሳ። አምሳ። ጉም ውስጥ ገብተን ዳገቱን ስንጨርስ ሃያ ሁለት።

«ሃያ ሁለት ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ ሰይድ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው።

«የቀረን ነው።»

«ኪሎ ሜትር?»

ማሞቂያውን ዘጋሁ። ቀጥሎ መኪናዋን አቁሜ ወንበሩን አንሥቼ ባናውን ከባትሪዎቹ ላይ ገፈፍኩና ሽማግሌዎቹን አለበስኳቸው። እንዲህ ተጠቅልለው፣ የአሲድ ሽታ እየሸተታቸው፣ ክብራቸው ግን ሳይነካ ወደ አንቆበር ቁልቁለት ደረስን።

ቁልቁለት ላይ መኪናዋ አንድ ጸጋ አላት፤ ፍሬን ስይዝ መልሳ ትሞላለች። አምስት የነበረችው ስድስት ሆነች። «ስድስት!» ብዬ ጮኽኩ። ሦስቱም አጨበጨቡ። ጋሽ ሰይድማ «አልሐምዱሊላህ! በዚሁ ወደ አልዩ አምባ ብንወርድ እኮ ሞልታ ትቀራለች!» አሉ።

«መመለሻውስ?» አሉ መምሬ ክንፈ።

«እሱን ያኔ ኢንሻአላህ እናስባለን።»

ግን የአቶ ማንደፍሮ ቤት ከመንገዱ ትንሽ ከፍ ይላል። ያቺ ትንሽ ከፍታ ግማሹን ባትሪ በላችው። ግቢያቸው በር ላይ ስንቆም አራት ሰዓት ነበር፤ ከመሪው ኋላ ቀይ ሦስት ይብለጨለጫል። ወይንሸት ደብረ ብርሃን ሆና ስልኳን ይዛ እየጠበቀች ነው። «እንዴት ነው?» ብላ ጻፈችልኝ። ደንግጬ ያየሁትን ጻፍኩላት፤ «ሦስት ፐርሰንት»። ወዲያው መለሰች፤ «ከአባቴ ጋር ሦስትም ጥሩ ነው። በርታ።»

ሽማግሌዎቹ ባናውን አራግፈው ገቡ። እኔ መኪናው ውስጥ መስኮት ከፍቼ ጆሮዬን አቆምኩ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

«የመጣንበት ጉዳይ የሚያስቀምጥ አይደለም። ቆመን ነው የምንለምነው» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። ጉልበታቸው እንዴት እንደሚያማቸው ስለማውቅ አንጀቴን በሉት። ልመናው ተደረገ፤ ቤተሰቤ ተጠራ፤ ጠባዬ ከእውነቱ በላይ ተወደሰ። ከዚያ የአቶ ማንደፍሮ ድምፅ መጣ።

«እንግዲህ ደግ ነገር ነው ይዛችሁ የመጣችሁት። አክብራችሁኛል። ዘመድ ላማክር፤ ሁዳዴም ደርሷል፤ ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ።»

ፋሲካ! ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ጡሩምባው ጮኸ።

ሽማግሌ ቀጠሮ ከተሰጠው እጅ ነሥቶ፣ ሳይቀመጥ፣ ሳይቀምስ ይወጣል። ወጡም፤ በክብር ወጡ። በክብር መኪናው ውስጥ ገቡ። በክብር ተቀመጡ። እኔ ቁልፉን አዞርኩ። መኪናዋ አንድ ጊዜ አቃሰተችና ሁለት አለች። አቶ ማንደፍሮ በራቸው ላይ ቆመው ሊሸኙን እጃቸውን አንሥተው ይጠብቃሉ። እኛም አልሄድንም። እጃቸውን አወረዱ፤ እንደገና አነሡ።

«ምነው?» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው በሹክሹክታ።

«አይበቃንም።»

«ምኑ?»

«ግራፊኑ።»

አሁን የሆነውን እስከ ዛሬ ሳስበው ላብ ያጠምቀኛል። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወርደው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከወጡ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አቶ ማንደፍሮ፣ ሌላም ትንሽ ልመና ነበረችን» አሉ።

አቶ ማንደፍሮ ነገሩን ሲሰሙ መኪናዋን አዩዋት፤ እኔን አዩኝ፤ ሽማግሌዎቹን አዩ። «የልጄ ነገር ገና ነው» አሉ፤ «መብራቱን ግን ውሰዱ።»

ገመድ ከወፍጮ ቤቱ ተሳበልን። ቻርጀሩን ሰካሁ፤ አረንጓዴ በራ፤ እፎይ አልኩ። ከዚያ ወፍጮው ተነሣ፤ አረንጓዴዋ ጠፋች። ወፍጮው ሲቆም ትበራለች፤ ሲነሣ ትጠፋለች። መስመሩ ለሁለቱ አልቻለም። ገብስና ስንዴ ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ይህን ካዩ በኋላ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። «እቴ፣ ይቺ መኪና ምን ልታስፈጭ ነው ወረፋ የያዘችው?» አለች አንዷ። «የሰው እህል ይቅደም» ብለው አቶ ማንደፍሮ ፈረዱ። እኔም ከአንዲት እናት ግማሽ ኩንታል ገብስ ኋላ ወረፋ ያዝኩ።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁኝ መምሬ ክንፈ።

«እስከ ማታ።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መቀመጥ አይችሉም፤ እሺ አልተባሉም። መሄድ አይችሉም፤ ሁለት ፐርሰንት ናቸው። ጋሽ ወንድይፍራው በአንድ እግር መቆም ጀመሩ። መምሬ ክንፈ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፤ ከዚያ ገለጡትና «ሽማግሌ ሆነን አንቀመጥም። መኪናው የተበላሸበት መንገደኛ ሆነን ግን እንቀመጣለን። መንገደኛ መቀበል ከአብርሃም ጀምሮ ያለ ነው» አሉ። ጋሽ ወንድይፍራው ዐረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ተቀምጠው ነበር።

እትዬ አስካለ፣ የወይንሸት እናት፣ ይህን ይጠብቁ እንደነበር ገባኝ። ወዲያው በሶ መጣ፣ ቆሎ መጣ፣ ጠላ መጣ። ለጋሽ ሰይድ ለብቻው ማርና ትኩስ ዳቦ ቀረበ። ምሳ ደረሰ። ለእኔም በመስኮት አንድ ሳህን ወጣልኝ፤ ሳህኑን የሰጡኝ እትዬ አስካለ መነጽሬን ትኩር ብለው አይተው «ብላ፣ ሾፌር» አሉኝ። «ሾፌር» የምትለዋን ሲሉ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረ።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ አሥራ አራት ፐርሰንት ላይ፣ መምሬ ክንፈ ከምሳው ተነሡ። ሌሎቹም ተነሡ። ሦስቱም በጓሮ በር ወጡ፤ ቤቱን ዞሩ፤ በፊት በር መጥተው ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ልንለምን ተመልሰን መጣን።»

«እንዴ! ጠዋት አይደል የመለስኩላችሁ?» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

«ያ የጠዋቱ ነው። ሽማግሌ ተመላልሶ ይለምናል።»

«ከየት ነው የተመለሳችሁት?»

«ከጓሮ።»

አቶ ማንደፍሮ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «እንግዲህ… አማክሬ እነግራችኋለሁ» አሉ። አሁን ግን ፋሲካን አልጠሩም፤ ይህን ልብ ብያለሁ። ሽማግሌዎቹ በፊት በር እጅ ነሥተው ወጡ፤ በጓሮ በር መንገደኛ ሆነው ገቡ፤ ጠላቸውን ቀጠሉ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ወፍጮው ዝም አለ፤ የእኔም አረንጓዴ ዝም አለች፤ ሴቶቹም ስልቻቸው ላይ ተቀመጡ። አቶ ማንደፍሮ ሥራ ፈቱ። ዱቄታቸውን አራግፈው መጡና አጠገቤ ድንጋይ ላይ ዐረፍ አሉ። ሾፌር አይናገርም።

«ምን ዓይነት ባትሪ ነው ይሄ?» አሉኝ።

ጎበዝ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሌላ ጥያቄ ቢጠይቁኝ ዝም እል ነበር። ገጽ በገጽ ከተደራረበው መጽሐፍ ጀመርኩ። ስኮቹን አወራሁ፤ አላላጡን በእጄ አሳየሁ። ከብረት እንደምትጠነክር፣ በአምስት ደቂቃ እንደምትሞላ፣ የገጠር ወፍጮ እንኳ መብራት ቢጠፋ በእሷ ቀኑን ሙሉ ሊፈጭ እንደሚችል ነገርኳቸው። ኮፍያዬ ወድቋል፤ መነጽሬን መቼ እንዳወለቅሁት አላውቅም። እሳቸው በጥሞና ሰሙኝ። ሰው እንዲህ ሰምቶኝ አያውቅም።

«ይቺ መኪና ውስጥ ነው ያለችው?»

ባትሪውን አየሁት። መካኒኩ ትዝ አለኝ። ከሦስት ፐርሰንት ጀምሮ የማውቀውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ አወጣሁት። «የለችም። የተለጠፈው ስሟ ብቻ ነው። ይህ ያው የአሲድ ባትሪ ነው።»

«እውነተኛዋስ መቼ ነው የምትመጣው?»

«በቅርቡ ይባላል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው በቅርቡ የሚባለው?»

«ከሃያ ዓመት ወዲህ።»

አቶ ማንደፍሮ ሳቃቸው ከሆዳቸው ተነሣ። ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «አስካለ! አስካለ ስሚ! እኔን ነው እንግዲህ ቀጠሮ ያበዛል የሚሉኝ!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሲበርድ እሳቸው መሬቱን በበትራቸው እየጫሩ «ልጁን ታውቀዋለህ? እነዚህ የሚለምኑለትን» አሉኝ።

«በመጠኑ አውቀዋለሁ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

ሽማግሌዎቹ ጠዋት ያሉትን ልድገም ይሆን? ጨዋ፣ አስተዋይ፣ ቁጥብ። ቁጥብ እንዳልሆንኩ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አይተዋል። «ወሬ ያበዛል» አልኩ። «ያልደረሰ ነገር እንደ ደረሰ አድርጎ ያያል። ይታለላል። ለሽማግሌ ብሎ ማሞቂያ ይከፍትና በመንገድ ይቀራል። ግን የያዘውን ነገር አይለቅም፤ ያ ነው ጠባዩ። ልጅዎን ደግሞ ይወዳታል። በጣም ይወዳታል።» ኮፍያዬን ከመሬት አንሥቼ ዱቄቱን ማራገፍ ጀመርኩ።

መብራቱ መጣ፤ አቶ ማንደፍሮ ተነሡና ወደ ወፍጮአቸው ሄዱ። ሞተሩን ግን አላስነሡትም። ሴቶቹን «ትንሽ ታገሡን፣ የዚህን ሰው ነገር እንጨርስለት» ሲሉ ሰማሁ። አረንጓዴዋ ሳትጠፋ ሁለት ሰዓት በራች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች ለሦስተኛ ጊዜ በጓሮ ወጥተው በፊት በር ቆሙ። ጋሽ ወንድይፍራው አፋቸውን ሳይከፍቱ አቶ ማንደፍሮ እጃቸውን አነሡ።

«ሦስት ጊዜ ተመላልሳችሁ ለምናችሁኛል። ሥርዓቱም ይህ ነው። ሾፌሩን ጥሩልኝ።»

ገባሁ።

«ኮፍያህን አውልቅ፤ አሁን ቤትህ ነው» አሉኝ። «ወይንሸት ስለ አንተ ሁለት ነገር ነግራኝ ነበር፤ እርሳሷን እንደ ጨረስክባትና ስለ ባትሪ ከተነሣ እንደማታቆም። አንቆበር ላይ ደርሶ የስኮች አላላጥ የሚያሳይ ሾፌር ከየት ይመጣል? ቀጠሮ ማብዛቴ ክፋት አይደለም። ሰውየውን ሳላየው ልጄን እንዴት ልስጥ? ሽማግሌ ያወራል፤ ሙሽራው ይደበቃል። ዛሬ ግቢዬ ሰባት ሰዓት ሙሉ ተገትረህ አየሁህ። ወረፋ ስትጠብቅ አየሁህ። ስለ ራስህ ጠይቄህ አልዋሸኸኝም። ሰጥቻለሁ።»

እትዬ አስካለ እልል አሉ። ወፍጮ ቤት ያሉት ሴቶችም ስልቻቸውን ጥለው ተቀበሏቸው። ጋሽ ወንድይፍራው በዚያች ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። እኔ እንባዬን እየጠረግሁ ለወይንሸት «አርባ አንድ ፐርሰንት» ብዬ ላክሁና፣ ወዲያው ደግሞ «እሺ ብለዋል» ብዬ ጨመርኩ። ደወለችልኝ፤ ሁለታችንም ወፍጮው ሲፈጭ አብረን ሰማን። ያን ዕለት አንቆበር አደርን። መኪናዋ እሑድ ጠዋት መቶ ሞልታ፣ ማሞቂያዋ ተዘግቶ፣ ሽማግሌዎቹ በባና ተጠቅልለው ደብረ ብርሃን ገባን።

አሁን ነገሩን እናስበው። ያ ባትሪ የተለጠፈበትን ስም ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? በአምስት ደቂቃ ይሞላል፤ ሽማግሌዎቼ ፋሲካን ይዘው ይመለሳሉ፤ ወይንሸት አዲስ አበባ ትገባለች፤ እኔም ዛሬ ለእናንተ ሳይሆን ለግድግዳ ነበር የማወራው። ይህን የደብረ ብርሃን ወንደላጤ ሁሉ ሰምቶታል። መኪናዬ ለሽምግልና የምትፈለግ ሆናለች። ሲዋሷት «ቲቸር፣ እንዳትሞላት» ይሉኛል። አማቼም በሳምንት አንድ ጊዜ ይደውላሉ፤ ገና «ሃሎ» ሳልል «መጣች?» ይሉኛል። «በቅርቡ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ።

እኔ ግን ከባለፈው ወር ወዲህ አብሬያቸው መሳቅ ትቻለሁ። ወይንሸት ሴት ልጅ ወልዳልኛለች። ዓይኗ የእናቷ ነው፤ ጣቶቿ እርሳስ ያዝ ያዝ ያደርጋሉ። ሌሊት አቅፌአት ስንጎራደድ አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌ በራፌ ላይ ሲቆሙ ይታየኛል፤ ከኋላቸው ባትሪዋ ያለቀ መኪና፣ መኪናዋ ውስጥ ኮፍያ የደፋ አንድ ጎረምሳ። ሰባት ሰዓት ሙሉ ግቢዬ ሊቀመጥ! ስለዚህ ሊቃውንት ሆይ፣ እባካችሁ በርቱልኝ። ሃያ ዓመት ጊዜ አላችሁ። ያን ቀን መኪናው አምስት ደቂቃ ውስጥ ይሙላልኝ፤ እኔም ዘመድ ላማክር።